«አንደኛ ራነር አፕ» ነሽ ተባልኩ፤ ታዲያ ስንተኛ ነኝ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። በቅርቡ አንድ የንግግር ውድድር ላይ ተሳትፌ ነበር። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች መድረክ ላይ ቀረን። የኔ ስም ሲጠራ ‹አንደኛ ራነር አፕ› ተባልኩ፤ ዋንጫውን ሌላ ልጅ ወሰደች። የምስክር ወረቀቱ ላይም በእንግሊዝኛ እንደዚያው ተጽፏል። እናቴ ወረቀቱን ስታይ ዓይኗ ያረፈው ‹1› የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። እልልታዋን አቀለጠችው። አጎቴ ደግሞ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ‹የእህቴ ልጅ አንደኛ ወጣች› ብሎ ጻፈ። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ሥራ ለማመልከት ሲቪ እያዘጋጀሁ ነው። ጓደኛዬ ‹ወረቀቱ ራሱ አንደኛ እያለ ምን ያስጨንቅሻል? አንደኛ ብለሽ ጻፊው፣ ማን ያጣራል?› ትለኛለች። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ሲቪው ላይ ምን ልበል? እናቴንስ እንዴት ብዬ ልንገራት? ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ‹ሁለተኛ ወጣሁ› የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።» ግራ የገባት

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለሽ። በእስካሁኑ ጫጫታ መሀል ለትክክለኛው ውጤትሽ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለሽ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከቃሉ እንጀምር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ራነር አፕ የሚባለው ከአሸናፊው ቀጥሎ የጨረሰ ተወዳዳሪ ነው። ቁጥር ሳይጨመርበት ብቻውን ከተባለ ሁለተኛ የወጣ ማለት ነው። የዋንጫ ጨዋታ ላይ ደርሶ የተሸነፈው ቡድን ራነር አፕ ነው። በሊግ ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰውም እንደዚሁ። ግራ የሚያጋባው ቁጥር ሲጨመርበት ነው። እንደ ቁንጅና፣ ንግግር ወይም ድምፅ ባሉ ውድድሮች ከአሸናፊው ሌላ ሁለትና ሦስት ሰው ይሸለማል። ያን ጊዜ አሸናፊው ከቆጠራው ውጭ ነው፤ እሱ አሸናፊ ነው፣ በቃ። ቆጠራው የሚጀምረው ከሱ ቀጥሎ ካለው ሰው ነው። ስለዚህ አንደኛ ራነር አፕ ሁለተኛ ወጣ፣ ሁለተኛ ራነር አፕ ደግሞ ሦስተኛ ወጣ ማለት ነው። ቁጥሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ደምሪበት።

እናትሽ ላይ አትፍረጂ። ቃሉን ማንም ሊስተው ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የሚስ ዩኒቨርስ አስተዋዋቂ ስቲቭ ሃርቪ በቀጥታ ስርጭት ላይ የኮሎምቢያዋን አሪያድና ጉቲዬሬዝን አሸናፊ ብሎ ጠራት። ዘውዱን ደፋች፣ እጇን አውለበለበች። ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ መጣና ይቅርታ፣ እሷ አንደኛ ራነር አፕ ናት፣ አሸናፊዋ የፊሊፒንሷ ፒያ ዉርትዝባክ ናት አለ። ዘውዱ በዓለም ሕዝብ ፊት ከአንዷ ጭንቅላት ወርዶ ሌላዋ ላይ ተደፋ። ካርዱን እጁ ላይ ይዞ፣ ሥራው ማንበብ ሆኖ፣ እንደዚያ ከሆነ የናንተ ቤት ስህተት ምንም አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ሃርቪ ያረመው እዚያው መድረክ ላይ ሳለ ነው። ያን ምሽት ዝም ብሎ በነጋታው ቢያርመው ምን እንደሚመስል አስቢው።

ቃሉ ከየት መጣ ካልሽ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከነበረ የአዳኝ ውሾች ውድድር ነው። ውሾቹን ሁለት ሁለት አድርገው ጥንቸል ያስከትሏቸው ነበር። የተሸነፈው ይወጣል፣ ያሸነፈው ለሚቀጥለው ዙር ያልፋል። ሁሉን አልፎ መጨረሻው ዙር ላይ ብቻ የተሸነፈው ውሻ ነው ራነር አፕ የተባለው። ቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እስከ መጨረሻ የሮጠና የተረታውም በአንዱ ብቻ የሆነ። ስድብ የለበትም። አንደኛ የሚልም የለበትም።

አማርኛው ላይ ሰው ብዙ ይቸገራል። «ምክትል አሸናፊ» ብለው የሚጽፉ አይቻለሁ። አይመቸኝም። ምክትል ሹመት ነው፤ ዋናው በሌለበት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ። በቁንጅና ውድድር እንኳ ትንሽ ያስኬዳል፤ ዘውድ የደፋችው ሥራዋን መቀጠል ካልቻለች ቦታዋን አንደኛ ራነር አፕ የምትረከብባቸው ውድድሮች አሉ። ንግግር ውድድር ላይ ግን ማን ማንን ይተካል? «ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውም ብቻውን ሲቆም መልኩ ይቀየራል። ሲቪ ላይ ከትምህርት ቤት ስም ጎን ቢገባ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርሽበትን ሊመስል ይችላል፤ ዕቃ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥራቱ ዝቅ ያለ ማለት ነው። እኛ በተለምዶ የምንለው «ሁለተኛ የወጣች» ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባል የለ? እሱን ነው መጠቀም። ማንም አይሳሳተውም።

ስለዚህ ሲቪሽ ላይ እንዲህ በይ፦ የውድድሩ ስም፣ ዓመቱ፣ «2ኛ የወጣች»፣ ከስንት ተወዳዳሪ መካከል እንደሆነ። የመጨረሻዋን አትርሺ። ከ3 ሰው ሁለተኛ መውጣትና ከ300 ሰው ሁለተኛ መውጣት አንድ አይደለም፤ አንባቢው ደግሞ ካልነገርሽው አያውቅም። ማጣሪያ ካለፍሽ እሱንም ጥቀሺ። ሲቪውን በእንግሊዝኛ የምትጽፊ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ቃል እንዳለ ገልብጪና ከጎኑ ሁለተኛ መሆኑን ጨምሪ። ወረቀትሽን የሚያይ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር እንዳያነብ።

ወደ ጓደኛሽ ምክር ልምጣ። «ማን ያጣራል?» የምትለዋ ነገር አደገኛ ናት፤ የሚያጣራው አብዛኛውን ጊዜ ለማጣራት ያላሰበ ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጠሻል እንበል። ሲቪው ላይ «1ኛ» ይላል። ጠያቂዋ ከሥር የተያያዘውን የምስክር ወረቀት ገለጥ ታደርጋለች፣ ታነባለች፣ ቀና ብላም «እና ዋንጫውን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?» ትልሻለች። አትጠራጠርሽም፤ ቃሉን ስለምታውቅ ግራ ገብቷት ነው። አሁን ሁለት መንገድ ብቻ ቀረሽ። ወይ ዓይኗን እያየሽ ትዋሻለሽ፣ ወይ እዚያው ተቀምጠሽ ታርሚዋለሽ። ሁለተኛ መሆንሽ ጥሩ ነጥብ ሊያሰጥሽ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በገዛ እጅሽ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አደረግሽው። ንግግር ተናግረሽ ከብዙ ሰው መሀል ሁለተኛ የወጣሽ ልጅ፣ ያቺ ደቂቃ ላይ ምላስሽ ሲተሳሰር አስቢ። ጓደኛሽ የወደደችሽ መስሏታል። በዚህ ጉዳይ ግን አትስሚያት።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር እንሂድ፤ «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ከአፍሽ አለመውጣቱ። እኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ቆም ብዬ ያነበብኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ፣ ስሜቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ተጠንቷል። ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የ1992ቱን የባርሴሎና ኦሎምፒክ ቪዲዮ ወስደው፣ ውጤቱ በታወቀበት ቅጽበት የብርና የነሐስ ባለሜዳሊያዎች ፊት ላይ ያለውን ደስታ ሰዎች ከ10 እንዲያርሙ አደረጉ። በ1995 ባወጡት ጥናት ብር ያገኙት በአማካይ 4.8 አገኙ። ነሐስ ያገኙት 7.1። ሦስተኛው ከሁለተኛው በላይ ደስ ብሎታል ማለት ነው! ምክንያቱ ሁለቱ የሚያዩት ወደተለያየ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ነሐስ ያገኘው «ለትንሽ ባዶ እጄን ልመለስ ነበር» ይላል። ብር ያገኘው ደግሞ «ለትንሽ ወርቁ አመለጠኝ» ይላል። አንቺም መድረኩ ላይ የቆምሽው ከሁለት ሰዎች መሀል ነው። እስካሁን ያየሽው ግን ዋንጫ የያዘችውን ብቻ ነው።

ትንሽ ስለ ሩጫ ላውራሽ፤ ሁለተኛነትን እንደ ሩጫ የሚያሳይ የለም። ስለሺ ስህንን ታውቂዋለሽ። 10 ሺህ ሜትር፤ በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ሁለተኛ፣ በ2005 የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ፣ በ2007 ኦሳካ ሁለተኛ፣ በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ሁለተኛ። አራቱንም ጊዜ ከፊቱ የገባው አንድ ሰው ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ። ስለሺ ደካማ ነው የሚል ሩጫ የሚገባው ሰው አላጋጠመኝም። ዘመኑ ከቀነኒሳ ጋር ገጠመ፣ ያ ብቻ ነው። ከፊቱ የነበረውን ሰው ሳታውቂ «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ስለ ስለሺ ምንም አይነግርሽም።

ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ደግሞ በሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ከኃይሌ ገብረሥላሴ ጋር እስከ መጨረሻው መስመር ተያይዘው ሮጠው፣ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29 ገቡ። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። ከ10 ሺህ ሜትር በኋላ! አራት ዓመት ቀድሞ አትላንታ ላይም የቀደመው ኃይሌ ነበር። ከሲድኒ ሦስት ዓመት በኋላ ቴርጋት በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:04:55 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የሚገርመኝ ግን ከሱ ኋላ የገባው ነው። ሳሚ ኮሪር ይባላል። ወደ ውድድሩ የመጣው ለአሯሯጭነት ነበር፤ አላቋርጥም ብሎ እስከ መጨረሻ ሮጠና በ2:04:56 ገባ። አንድ ሰከንድ። ያ ሰዓት ከዚያ በፊት ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ42 ሰከንድ የፈጠነ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ማንም ሰው ከሮጠው በላይ ሮጦ፣ ሁለተኛ ወጣ።

እግር ኳስ የምትወጂ ከሆነ ሊቨርፑልን እይ። በ2018/19 በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 97 ነጥብ ሰብስቦ፣ ሙሉ ዓመት በሊጉ አንድ ጨዋታ ብቻ ተሸንፎ፣ ሁለተኛ ሆነ፤ ማንቸስተር ሲቲ 98 ነበረው። በ1996/97 ማንቸስተር ዩናይትድ ዋንጫውን ያነሳው በ75 ነጥብ ነው። ደረጃ ከጎንሽ ማን እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው። አንቺ ምን ያህል እንደሠራሽ ለማወቅ ነጥብሽን ነው ማየት ያለብሽ። የዳኞቹን ውጤት መጠየቅ የሚቻል ከሆነ ጠይቂ። ከአንደኛዋ በስንት ተበለጥሽ? በይዘት ነው፣ በድምፅ፣ በሰዓት አጠቃቀም? ለሚቀጥለው ውድድር ከማንም ማጽናኛ በላይ የሚጠቅምሽ ያ ወረቀት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትሰልቺ። ሁሉም ሁለተኛ እኩል አይደለም። በጥሎ ማለፍ ውድድር ራነር አፕ የሚባለው ፍፃሜ ላይ የተሸነፈው ነው፤ የምር ሁለተኛው ጎበዝ ግን ላይሆን ይችላል። 8 ተወዳዳሪ አለ እንበል፣ ድልድሉም በዕጣ ነው። ከሁሉ ጎበዙ አንዱን ቦታ ሲይዝ 7 ቦታ ይቀራል። ከነሱ 3ቱ ከሱ ጋር በአንድ ጎራ ናቸው። ሁለተኛው ጎበዝ ዕጣው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ከጣለው ፍፃሜ ሳይደርስ በአንደኛው ተመትቶ ይቀራል፤ ከ7 ጊዜ በ3ቱ ማለት ነው። ብሩን የሚወስደው ከሌላው ጎራ የመጣ ሰው ይሆናል። በ1883 ሉዊስ ካሮል፣ ያ ተረት ጸሐፊው የሒሳብ መምህር፣ በዚህ ነገር በግኖ የቴኒስ ውድድር የሽልማት አሰጣጥ ልክ አይደለም ብሎ ጽፎበታል። ቴኒስ ዛሬ ጎበዞቹን አስቀድሞ ለያይቶ የሚደለድለው ይህ እንዳይሆን ነው። ያንቺ ውድድር ግን ጥሎ ማለፍ አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ የቀራችሁትን ያው ዳኞች አንድ መድረክ ላይ አይተው ነው የፈረዱት። ስለዚህ ሁለተኛነትሽ የዕጣ ስጦታ አይደለም። ከብዙ የዋንጫ ሁለተኞች ያንቺ ይጠነክራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በነገራችን ላይ፣ ከላይ ያለው ሰው ወድቆም አንደኛ ይሆኑበታል። በ1988 ሴኡል 100 ሜትሩን ቤን ጆንሰን አሸንፎ፣ በቀናት ውስጥ አበረታች መድኃኒት ተገኝቶበት ወርቁ ለካርል ሉዊስ ተሰጠ። አንዳንዴ ደግሞ ሁለተኛ የሚባል ጭራሽ አይኖርም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች ከፍታ ዝላይ የኳታሩ ባርሺም እና የጣሊያኑ ታምቤሪ ወርቁን ስለተጋሩ ብር አልተሰጠም፤ ቀጣዩ ሰው ነሐስ ወሰደ። እዚህ ውድድር ላይ ራነር አፕ ማን ነው ብትይኝ፣ ማንም።

አሁን እናትሽ። ይህን ነገር ዛሬ ነገ አትበይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጎረቤት ሁሉ ከመስማቱ በላይ የሚያስፈራኝ፣ አንድ ቀን ቃሉን የሚያውቅ ዘመድ ቤታችሁ መጥቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይቶ «አይ፣ ይሄ እኮ ሁለተኛ ማለት ነው» ማለቱ ነው። ያኔ እናትሽ የምታፍረው በሰው ፊት ነው። ካንቺ ስትሰማው ግን ከልጇ ነው የሰማችው።

ብቻችሁን ስትሆኑ ወረቀቱን ይዘሽ አጠገቧ ተቀመጪ። በይቅርታ አትጀምሪ፤ በይቅርታ ከጀመርሽ መጥፎ ዜና ይመስላታል። እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ ይቺ ቃል ተንኮለኛ ናት። 1 ትላለች እንጂ ከአሸናፊዋ ቀጥሎ ያለችው አንደኛ ማለቷ ነው። ሁለተኛ ነው የወጣሁት።» ከዚያ ስንት ሰው እንደተወዳደረ ንገሪያት። ያን ቀን ያልነገርሻት ደስታዋን ላለማቋረጥ እንደሆነም አትደብቂያት፤ እውነት ነውና። ትንሽ ልትከፋ ትችላለች። እናት ናት፣ «ምናለ አንደኛ ባደረጉሽ» ትል ይሆናል። ተያት ትበል። እኔ ግን ጎረቤት ዘንድ ስትሄድ «ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለተኛ!» ብላ እንደ አዲስ እንደምትጀምር እገምታለሁ።

አጎትሽን ከእናትሽ በኋላ አግኚው፤ ከሱ አፍ መስማት የለባትም። ስልክ ደውዪለት፣ ኮመንት ላይ አትጻፊበት። በፎቶው ሥር በአደባባይ «ጋሼ ተሳስተሃል» ብትዪው ለሱም ጥሩ አይደለም፣ ላንቺም አይደለም። «ጋሼ፣ ፖስትህ ላይ አንደኛ የሚለውን ሁለተኛ በልልኝ፣ ሲቪ እያስገባሁ ስለሆነ እንዳይጋጭብኝ» በቂ ነው። ማጥፋት አያስፈልገውም፣ ኤዲት ያድርገው። ከሥር እንኳን ደስ ያለሽ ላሉሽ ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርሽ ማስረዳትም አይጠበቅብሽም። ሲቪውን ግን ከመላክሽ በፊት አስተካክዪ።